ከስፒከሩ ጀርባ

ፈቀደን ሳላየው በፊት ነው የሰማሁት። ኮልፌ፣ አጠና ተራ አካባቢ ያለችውን የልብስ ስፌት ሱቄን ከተከራየሁ ሳምንት አልሞላኝም፤ ከቆርቆሮው ግድግዳ ማዶ አንድ ወንድ «ሄሎ፣ ሄሎ፣ አንድ፣ ሁለት» ይላል። ዝም ይላል። ደግሞ «ሄሎ፣ ሄሎ» ይላል። መጀመሪያ ስልክ የሚያወራ መስሎኝ ነበር። ግን ረፋዱን ሙሉ ሄሎ እያለ አንድና ሁለት ላይ የሚቀር፣ ሦስት የማይደርስ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? በመጨረሻ ትዕግሥቴ አለቀና መቀሴን ጠረጴዛው ላይ ወርውሬ «አቤት! ምን ፈለግክ?» ብዬ ጮኽኩበት። ከማዶ «ይቅርታ፣ ማይክ እየሞከርኩ ነው» አለ። ድምፁ የወጣው በስፒከር ስለነበር ይቅርታውን ሰፈሩ በሙሉ ሰማው።

እንዲህ ነው የተዋወቅነው። ከዚያ በኋላ ሰኞ ሰኞ ዕቃውን ሲፈትሽ «ሄሎ» ባለ ቁጥር እኔ ከወዲህ «አቤት» እላለሁ። መጀመሪያ ለንዴት ነበር፤ እየቆየ ግን ለመድኩት። ባሌ ከሞተ ወዲህ በእኔ በኩልም ሄሎ የሚለኝ ሰው ብዙ አልነበረም፤ ስለዚህ ውለታው የጋራ ነው።

ፈቀደ ዲጄ ነው። ዲጄ ስላችሁ ኮፍያውን ወደ ኋላ አዙሮ የደፋ ጎረምሳ ከመጣባችሁ ተሳስታችኋል። ሃምሳን ያለፈ፣ ጸጉሩ ከፊት የሸሸ፣ በጋም ክረምትም በሸሚዙ ላይ ሹራብ የሚደርብ፣ ከሩቅ ሲያዩት የቀበሌ ጸሐፊ የሚመስል ሰው ነው። አባቱ ከቦንጋ መጥተው እዚሁ ኮልፌ ማር ሲነግዱ ኖረው ያረፉ ናቸው። እሱ ማሩን ተወና ድምፅ ያዘ። በካሴት ጀመረ፤ ወደ ሲዲ ተሻገረ፤ አሁን አንድ ላፕቶፕ፣ ዘፈን የሚያቀላቅልበት ባለ ሁለት ሳህን ኮንትሮለር፣ ሁለት ትልልቅ ስፒከርና ሁለት የቤዝ ሳጥን ይዞ በየሰርጉ ይዞራል። ዕቃው ያረጀ ነው፤ አያያዙ ግን እኔ የስፌት ማሽኔን እንኳን እንደዚያ አልይዛትም።

ከሰኞ እስከ ዓርብ ሱቁ ውስጥ ብቻውን ነው። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ አምስት መቶ ሰው መሃል ብቻውን ነው። ይሄን ያልኩት እኔ አይደለሁም፤ ራሱ ነው እየሳቀ የነገረኝ፤ እኔ አልሳቅኩም። ሰርግ ቤት ዲጄ የሚበላው መጨረሻ ነው። ያስታወሰው ሰው ካለ ሳህን ከስፒከሩ ጀርባ ያስቀምጥለታል፤ እሱም በቀኙ እየጎረሰ በግራው ዘፈን ይቀይራል። ከሰርግ ወደ ሰርግ ሲዞር ያላየው ጭፈራ የለም፤ የጨፈረበት ግን የለም። ከኮልፌ እስከ አስኮ ስንቱን ዳረ፤ ከዳራቸው ውስጥ ስሙን የሚያውቅ ቢፈለግ አይገኝም።

ከሰው ጋር ሲያወራ የምሰማው ወጣት ዲጄዎች ምክር ፍለጋ ሲመጡ ነው። ያኔ ሌላ ሰው ይሆናል። ድምፁ ይሞላል፣ ይቀልዳል፣ ይቆጣል። አንድ ቀን አብርሽ የሚባል፣ እዚያ ወደ ታች አንድ ግሮሰሪ ውስጥ ዘፈን የሚያወጣ ወጣት መጣና «ጋሽ ፈቀደ፣ ስፒከሬ ሳይበላሽ አይቀርም፤ ድምፁ ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይላል፤ አዲስ ልገዛ ነው» አለው።

«ቆይ፣ ዘፈኑን ከየት ነው ያመጣኸው?» አለ ፈቀደ። በሽተኛ እንደሚመረምር ሐኪም ነው የሚጠይቀው።

«ከቴሌግራም።»

«እዚያ የጫነው ሰውዬስ ከየት አመጣው?»

አብርሽ አያውቅም።

«እንግዲያው ስፒከርህን ተወው። ስማኝ፤ ዘፈን ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ በየደረሰበት ይጨመቃል። በስልክህ ስትሰማው ምንም አይልህም፤ ስልኩ ራሱ ትንሽ ስለሆነ ጉድለቱን ይደብቅልሃል። ትልቅ ስፒከር ላይ ስታወጣው ግን ያጋልጥሃል። የፋይሉን ክብደት እይ። አምስት ደቂቃ የሚሄድ ዘፈን አሥር፣ አሥራ ሁለት ሜጋ ካልሞላ ጠርጥር። ሦስት አራት ሜጋ ከሆነማ ሰው ፊት እንዳታወጣው። ወይ ግዛው፣ ወይ ከዋናው ሲዲ ራስህ ገልብጠው።»

«በኮምፒዩተር ከፍ ባደርገውስ? ፕሮግራም አለ።»

እዚህ ላይ አላስቻለኝም። «የተኮማተረ ሹራብ በካውያ አይሰፋም!» ብዬ ከወዲህ ጮኽኩ።

«ሰማህ?» አለ ፈቀደ። «ልብስ ሰፊዋ እንኳን ገብቷታል። ክብደቱን ትጨምራለህ እንጂ የወጣው ድምፅ ተመልሶ አይገባም። እሺ፣ ሚክሰሩ ላይ ቀይ መብራት ሲበራ ምን ታደርጋለህ?»

«ደመቀ ብዬ እተወዋለሁ።»

ፈቀደ ከልቡ ተናደደ። «ቀይ ማለት ድምፁ አናት አናቱን እየተቆረጠ ነው ማለት ነው! አረንጓዴው ላይ አቆየው፤ ቢጫውን ነካ ነካ ያድርግ፤ ከዚያ አትለፍ። ከፍ እንዲል ከፈለግክ ስፒከሩ ጋ ሄደህ ጨምር እንጂ ምንጩን አታስጩኸው። ደግሞ ገመድህን የምትሰካው ከላፕቶፑ የሄድፎን ቀዳዳ ነው አይደል? አውቄዋለሁ። ቻርጀር ስትሰካ ዝዝዝ የሚለው ከዚያ ነው። ኮንትሮለሩ የራሱ ድምፅ ማውጫ አለው፤ ከእሱ አውጣ። የመብራቱን ገመድና የድምፁን ገመድ ጎን ለጎን አትጎትት። ገመድ ክርንህ ላይ አትጠምጥም፤ ውስጡን ትሰብረዋለህ። ሥራ ላይ ኢንተርኔቱን ዝጋው፤ አንዱ ጓደኛህ ሙሽራ እየገባች ኮምፒዩተሩ ልታደስ ብሎ ጥቁር ሆኖበት ቀርቷል።»

አብርሽ ይጻፈው አይጻፈው አላውቅም፤ ብቻ እሺ እሺ ይላል። ፈቀደ መጨረሻ ላይ ረጋ ብሎ «ከጠረጴዛህ ሆነህ አትፍረድ» አለው። «ሄደህ የመጨረሻው ወንበር ላይ ቁጭ ብለህ ስማ። ባዶ ድንኳንና የሞላ ድንኳን ድምፁ አንድ አይደለም፤ ሰው ድምፅ ይጠጣል። አዛውንቶችን ስፒከር ፊት የሚያስቀምጥ ባለሰርግ ካየህ ወንበራቸውን አንተው ራስህ አንሳላቸው።»

አብርሽ አመስግኖ ወጣ። ከዚያ ያለው ዝምታ ነው የማይቻለው። ፈቀደ ልጁ ከሄደ በኋላ በሩ ላይ ቆሞ መንገዱን ያያል፤ ሌላ የሚጠይቀው ሰው ይመጣ እንደሆን ነው። አይመጣም። ተመልሶ ይገባና ገመድ መጠቅለል ይጀምራል።

ልጅ እንዳለው የነገረኝ ብዙ ቆይቶ ነው። ምህረት የምትባል ሚስት ነበረችው። መጥፎ ሰው አልነበረችም፤ መጥፎ ናት እንዲለኝ ብዙ ጊዜ በሩን ብከፍትለትም አንድም ቀን አልገባበትም። «ሰው ሁሉ በሚሞሸርበት ቀን እኔ ባል የለኝም» ነው ያለችው። ሃና የምትባለውን ልጃቸውን በአራት ዓመቷ ይዛ ሳንሱሲ እናቷ ቤት ገባች፤ ቆይታም አቶ አምሐ የሚባሉ የአውቶቡስ ሾፌር አገባች። ሃናን ትምህርት ቤት ያደረሱ፣ ትኩሳት ሲይዛት ተሸክመው የሮጡ፣ የወላጆች ስብሰባ የተቀመጡ አቶ አምሐ ናቸው። ፈቀደ የልደቷ ዕለት ደንበል፣ የምርቃቷ ዕለት ሰበታ፣ የሰው ሰርግ ላይ ነበር። ስጦታ ይልካል፤ ይደውላል። ስልኩ ሲነሳ ከጀርባው ሁልጊዜ ዘፈን ይሰማል።

ያለፈው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ስልኩን በእጁ እንደያዘ ሱቄ ገባ። ፊቱ በርቷል፤ እንደዚያ በርቶ አይቼው አላውቅም።

«ሃና ልታገባ ነው» አለኝ። «ለጥር። ትመጣለህ አይደል? አለችኝ።»

«እና ምን አልካት?»

«ምን እላታለሁ? እመጣለሁ አልኳት እንጂ!»

በማግስቱ ሰልባጅ ተራ ሄዶ ጥቁር ሰማያዊ ሙሉ ልብስ ገዝቶ መጣ። ጨርቁ ደህና ነው፤ ትከሻው ግን የሌላ ሰው ትከሻ ነው፤ ሁለት ፈቀደ ያስገባል። አስቁሜ ስለካው «ትርንጎ፣ የሙሽሪት አባት የሚቀመጠው በየትኛው በኩል ነው?» አለኝ።

«አንተ ነህ ይሄን የምትጠይቀኝ? ሰርግ ቤት ያረጀኸው ሰውዬ!»

«እኔ ከጀርባ ሆኜ ነው የማየው» አለ። ከዚያ ወደ ሱሪው ጎንበስ ብሎ «ጉልበቱ ጋ እንዳታጠብቢው። ስቀመጥ ቢጨማደድ ያስቀይማል» አለኝ።

ያኔ ገባኝ። ሙሽሮች ከሙሽሪት ቤት ሊወጡ ሲሉ ተንበርክከው የወላጆቻቸውን ጉልበት ይስማሉ፤ ወላጆችም መርቀው ይሸኟቸዋል። ስንት ዘመን ሙሉ የሰው ልጅ የሰው ጉልበት ሲስም ቀስ ያለ ዘፈን ከሥር ሲያወጣላቸው የኖረው ፈቀደ ነው። አሁን የእሱ ተራ ደርሷል። ሰውየው የሚፈልገው ሌላ ምንም አይደለም፤ ያቺ ልጅ አንድ ጊዜ፣ ሰው ፊት፣ ጉልበቱን እንድትስመው ነው። እኔ ክፉ አፍ አለኝ፤ የዚያን ቀን ግን አልቀለድኩበትም። ጉልበቱን ሰፋ አድርጌ ሰፋሁለት።

ሰርጉ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ሃና እንደገና ደወለች። ፈቀደ ሱቄ መጥቶ የደንበኞቼ አግዳሚ ላይ ቁጭ አለ። ማሽኔን አቆምኩ።

«ዕቃህን ስንት ሰዓት ታስገባዋለህ? አለችኝ» አለ። «ዲጄው እኔ ነኝ።»

«አባት ሆኖ የሚቀመጠውስ ማን ነው?»

«እሱን አልጠየቅኳትም።»

ደሜ ፈላ። የማላውቃትን ልጅ አፌ እንዳመጣልኝ ሰደብኳት። «አብርሽን ላክላቸው! አንተ በሙሉ ልብስህ ሄደህ ቁጭ በል!» አልኩት።

«የአብርሽን ድምፅ? ለሃና ሰርግ?» አለኝ፤ በዚያ ሐዘኑ ውስጥ እንኳን ሙያው ተነካበት። ከዚያ ድምፁ ዝቅ አለ። «በዚያ ላይ ስፒከር ይዤ ካልሄድኩ በምን በኩል እገባለሁ? ማን ነህ ቢሉኝስ?»

በኋላ ሳስበው ልጅቷ ክፉ አላሰበች ይሆናል። ሥራ ከሆነ አይቀርም ብላ ይሆናል። አባቷን የምታውቀው እንደዚያ ነዋ።

እሁድ ጠዋት በአይሱዙ ዕቃውን ጭኖ ሲሄድ እኔንም ይዞኝ ሄደ። «ከኋላ ሆነሽ ድምፁን ትነግሪኛለሽ» አለኝ። ምልክታችንን ተስማማን፤ እጄን ወደ ላይ ካነሳሁ ይጨምራል፣ ወደ ታች ካደረግኩ ይቀንሳል። ሰርግ ቤት ከጫጫታው የተነሳ ዲጄ የሚሠራው በእጅ ምልክት ነው። መድረክ መሪው ከፊት እጁን ሲያወዛውዝ ደግሞ «ዘፈኑን ልቀቀው» ማለት ነው።

የአቶ አምሐ ግቢ ሰፊ ነው፤ ድንኳኑ ከአጥር እስከ አጥር ተወጥሯል። ፈቀደ በዚያ በአዲስ ሙሉ ልብሱ ቤዝ ተሸክሞ ሲገባ የሚያልፉት ሁሉ ዞረው ያዩታል። አቶ አምሐ ወጥተው በሁለት እጃቸው ጨበጡት። ሽማግሌ ናቸው፤ ድምፃቸው ሰለል ያለ፣ ሲናገሩ ጠጋ ብሎ መስማት የሚያስፈልግ ዓይነት ሰው። «እንኳን ደህና መጣህ፣ ፈቀደ። ቁጭ በልና ቁርስ ቅመስ» አሉት።

«ዕቃዬን ላስተካክል፤ ይደርሳል» አላቸው።

ከዚያ ያደረገውን በዓይኔ ባላይ ኖሮ አላምንም ነበር። ማይኩን ሰጥቶ አስሞከራቸው። «ጭንቅላቱን በእጅዎ አይጨብጡት። ወደ አፍዎ ቀረብ ያድርጉት። ከስፒከሩ ፊት ለፊት አይቁሙ፣ ያፏጫል፤ እዚሁ ወንበርዎ ላይ ሆነው ቢናገሩ ይሻላል» እያለ፣ የድምፁን ወፍራም ቀንሶ፣ ቀጭኑን ትንሽ ጨምሮ፣ የእኚያን ሰውዬ የሰለለ ድምፅ አቃናው። እኔ መጨረሻው ወንበር ላይ ሆኜ ስሰማቸው አጠገቤ ያሉ መሰለኝ። የልጁን ምርቃት ሌላ ሰው እንዲያሳምረው እየደከመ ነው ብዬ ተቃጠልኩ።

ሙሽራው ከሚዜዎቹ ጋር እየጨፈረ ገባ። ሃና ወጣች። ግንባሯ የፈቀደ ግንባር ነው፤ ማንም ሳይነግረኝ አወቅኳት። ተጨፈረ፣ ፎቶ ተነሱ፤ ከዚያ መድረክ መሪው «የሙሽሪት ወላጆች!» ብሎ ጠራ። ከፊት ሁለት ወንበር ተደረገ። ምህረት አንዱ ላይ ተቀመጠች፤ አቶ አምሐ ማይኩን ይዘው ሌላው ላይ።

ወደ ፈቀደ አየሁ። ይሄ ሰው ሁልጊዜ ሄድፎኑን አንድ ጆሮው ላይ ብቻ ነው የሚያደርገው፤ ሌላውን ለሰው ይተዋል። የዚያን ሰዓት ግን ሁለቱንም ጆሮውን ከደነ። ላፕቶፑ ላይ አጎነበሰና የመውጫውን ዘፈን ለራሱ ከፍቶ መስማት ጀመረ። ሌላ ሰው አባቷ ሲባል መስማት አልቻለም። ማን ይችላል? እኔም ሄድፎን ቢኖረኝ አደርግ ነበር።

ሙሽሮቹ ተንበርክከው ሳሙ። አቶ አምሐ መረቁ። «ልጅ በልጅ ያድርጋችሁ፣ እርጅናችሁን አንድ ላይ ያሳያችሁ» አሉ፤ ሕዝቡ አሜን አለ። ከዚያ ሙሽሮቹ ሊነሱ ሲሉ በእጃቸው አቆሟቸው።

«ቆዩ፣ አንድ ቀርቷል» አሉ። «እኔ ሃናን አሳድጌያለሁ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። የወለዳት አባቷ ግን እዚሁ መሃላችን ነው። ፈቀደ፣ ና። ይሄ ወንበር ያንተ ነው።» ይሄን ብለው ከወንበራቸው ተነሱ።

ሃና እንደተንበረከከች ወደ ስፒከሮቹ ዞረች። ከፊቷ እንዳየሁት አልደነገጠችም፤ እሷና አቶ አምሐ ቀድመው የተነጋገሩበት ነገር ነው። ፈቀደ ድምፁን በደንብ ስላስተካከለው እያንዳንዷ ቃል እስከ መጨረሻው ረድፍ ጥርት ብላ ደርሳለች። ያልሰማው አንድ ሰው ብቻ ነው።

አቶ አምሐ መልስ ሲያጡ ማይኩን ዝቅ አድርገው በእጃቸው ጠሩት፤ ና ና ብለው እጃቸውን አወዛወዙ። ፈቀደ ቀና አለ። ከፊት የሚወዛወዝ እጅ አየ። ለእሱ እንዲህ ያለ እጅ ትርጉሙ አንድ ነው። እሺ በሚል ትህትና አንገቱን ሰበር አደረገና ዘፈኑን ለቀቀው።

የመሸኛው ዘፈን ድንኳኑን ሞላው። እኔ ብድግ ብዬ ሁለት እጄን ወደ ላይ አንስቼ አወናጨፍኩ፤ «አንተን ነው! አንተን ነው!» እያልኩ እጮኻለሁ። አየኝ። እጄን ወደ ላይ ማንሳቴን አየና ጨመረው።

ከዚያማ ማን ያቁመው? እልልታው ቀለጠ፤ ሚዜዎቹ መዝለል ጀመሩ፤ መድረክ መሪው እየሳቀ «ዲጄያችን ቸኩሏል!» አለ፤ ሕዝቡም ሳቀ። ምህረት አልሳቀችም፤ አልገረማትምም። ከወንበሯ ተነስታ ነጠላዋን አስተካከለች። አቶ አምሐ ባዶው ወንበር አጠገብ ማይክ እንደያዙ ቀሩ። ሃና አንድ ጊዜ ወደ ፈቀደ አየች፤ እሱ ደግሞ አጎንብሶ ነበር። ሙሽራው እጇን ይዞ አነሳት፤ በሚዜና በዕድምተኛ ተከበው ወጡ።

እኔ እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። የስንቱን እግር ረገጥኩ፤ የስንቱን ጠርሙስ ገለበጥኩ። ደረስኩና ሄድፎኑን ከጆሮው ላይ መንጭቄ ጣልኩት።

«ምን ሆነሻል?» አለኝ።

«ጠርተውህ ነበር!»

«ማን?»

«አምሐ! የወለዳት አባቷ ይምጣ ብለው! ወንበራቸውን ለቀውልህ! እሷ ተንበርክካ ስትጠብቅህ ነበር!»

ወደ ፊት አየ። ወንበሩ ባዶ ነው። ከዚያ ዕቃውን፣ ዘፈኑን፣ ሁሉን እንዳለ ትቶ ሮጠ። እኔም ተከተልኩት።

ውጭ መኪናው በአበባ ተሸፍኖ ሞተሩ ተነስቷል፤ በሩ ተዘግቷል፤ መስኮቱ ብቻ ክፍት ነው። ፈቀደ ሰው እየገፋ ደረሰና መስኮቱን በሁለት እጁ ያዘ። ላብ አጥምቆታል።

«ሃናዬ፣ አልሰማሁም» አለ። «ጆሮዬ ላይ ሄድፎን አድርጌ ነበር። እጃቸውን ሳይ ዘፈኑን መስሎኝ… አልሰማሁም እኮ!»

ሃና ፈገግ አለች። ፊቷ ላይ ቁጣ ፈለግኩ፤ ቅሬታ እንኳን ፈለግኩ፤ የለም። እጇን እጁ ላይ አሳረፈችና፣ አንድ ደግ ሰው ለእንግዳ እንደሚናገረው፣ «ኧረ ምንም አይደል። ሥራ ላይ ነበርክ» አለችው። «ድምፁ ደግሞ በጣም ያምር ነበር። አመሰግናለሁ።»

ፎቶ አንሺው ረፈደ እያለ ጮኸ። መኪናው ተንቀሳቀሰ፤ ፈቀደ ጥቂት አብሮት ተራመደና እጁን ለቀቀ። የአጃቢዎቹ መኪናዎች ጥሩንባ እየነፉ በአጠገባችን አለፉ። አቧራው ሙሉ ልብሱ ላይ ሲያርፍ አላራገፈውም።

«ተቆጣችህ?» አልኩት፤ ተቆጥታ በሆነ ብዬ እየጸለይኩ።

«አልተቆጣችም» አለኝ። «ምንም አልመሰላትም፣ ትርንጎ። ምንም።»

ከዚያ አጥሩ ሥር ያለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠና ፊቱን በእጁ ሸፍኖ አለቀሰ። ሰው ያየኛል አላለም። እኔም አጠገቡ ቁጭ አልኩ።